ዘር ቆጠራ

ከሐዴራ ዳርቻ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣
ቀይ አሸዋ አለ፣ እግር የሚያስገባ፤
አንድ አጥር፣ አንድ በር፣ የዛገ ሰሌዳ፣
ሰው ተክሎ የረሳው የዛፎች ጓዳ።
ዝግባ ነው ያለበት፤ ያ የምናውቀው፣
ከወገራ ገደል ትተን የመጣነው።
በዚህ አገር ሙሉ አሥራ አንድ ነው ቁጥሩ፦
ሁለቱ ሐይፋ ላይ፣ ከሆስፒታል በሩ፤
አንዱ ኢየሩሳሌም፣ ከመቃብር አጥር፤
ስምንቱ እዚህ ናቸው፣ ከኔ እጅ፣ ከኔ ሥር።

ዶክተር ኦስናት የሽቦ ክፈፍ አስያዘችኝ፤
«ጣለው፣ ተንበርከክ፣ ቁጠር፣ ጻፍ» አለችኝ።
ከጣት የበለጠ፣ ከክንድ ያነሰ፣
ሥሩን የሰደደ፣ ጫፉ ያልተበጠሰ፣
እሱ ብቻ ነው በመዝገብ «ልጅ» የሚባለው፤
ሌላው ፍሬ ነው፤ ወይ ገና ነው፣ ወይ የሞተ ነው።

ሦስት ሳምንት በጉልበቴ። ሱሪዬ አለቀ።
ከእናቲቱ ግርጌ ፍሬው ተነጠፈ፣ ደረቀ፤
ቢጫ፣ ድቡልቡል፣ ልቡ እንደ ድንጋይ፤
አንድም የበቀለ የለ፤ ዜሮ በዜሮ ላይ።
እዚህ ዝናብ የሚመጣው ከብርድ ጋር ተያይዞ፣
ሙቀቱ ሲገባ ውሃው ይሄዳል፣ ደመናውን ይዞ፤
ሙቀትና ዝናብ አብሮ የለመደ ፍሬ
መቼ ብሎ ይንቃ፣ ነገ ወይስ ዛሬ?
ነበረኝ ሌላ ትእዛዝ፣ የማይረባ የሚመስል፦
«ከአጥሩ ውጭ ቱቦ ያፈሳል፤ ይጠገን» የሚል።

ማታ ቤቴ ስገባ ሌላ ቆጠራ አለ።
ልጄን ኦሪያንን የናታኒያ ልጅ ላግባሽ አለ፤
ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ አራት ፎቅ በእግራቸው
ወጡ አያ ጓንጉል፣ ዘንግ ይዘው በእጃቸው፤
ከሶፋው ጫፍ አርፈው ጣታቸውን ዘረጉ፣
ሰባት ቤት ቆጥረው ዘር ሊፈልጉ።
«አንተ የባየህ ነህ፤ ባየህ የጉበና፤
ጉበና የመንጌ...» እዚህ ላይ ቆዩና
ዓይናቸውን ከድነው ሩቅ አገር ሄዱ፤
ሲመለሱ፣ «አይነካኩም፤ ውለዱ፣ ክበዱ።»

ከዚያ «ሥራህስ?» አሉኝ። የዝግባውን ነገርኋቸው።
«ከየት መጣ ዘሩ?»
«በአንድ ጆንያ፤ አንዲት ናት እናታቸው።»
ጥርስ አልባ አፋቸውን ከፍተው እስኪያለቅሱ ሳቁ።
«ወንድ አለው፣ ሴት አለው ዝግባ፤ እኛ ዘንድ ሕፃን ያውቀዋል፤
ባሏ ወንድሟ ሆኖ እንዴት ብሎ ይወልዳል?
ማን ቆጠረላቸው?»

ጠዋት ለኦስናት ነገርኋት። አልሳቀችም።
ብዕሯን ነክሳ ቆመች፤ ቶሎም አልመለሰችም።
«ልክ ናቸው፣» አለች፣ «በከፊል።»

በሃያ ሁለተኛው ቀን ሽንቴ አጣደፈኝ፤
አጥር ተሻግሬ ወደ ሾላው ሄድሁ፣ ማንም እንዳያየኝ።
ቱቦው እዚያ ያለቅሳል፣ ጠብ... ጠብ... ጠብ፤
ሌሊት የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል፣ ለራት፣ ለወሬ፣ ለጠብ፤
ኩሱ ሥሩን አጥቁሯል።
ለወፎች ግብር «አይጥ ነኝ» የሚለው፣
አይጦች ሲጠይቁት ክንፍ የሚያሳየው፣
ያ ዘር የለሽ መንገደኛ ምን አምጥቶ ጣለ?
ሦስት ዝግባ! ጣት የበለጠ፣ ክንድ ያላከለ፤
ቅጠላቸው እንደ ማጭድ ጥቂት ጎበጥ ብሎ፣
በሾላ ጥላ፣ በቱቦ ውሃ፣ ማንም ሳይተክለው በቅሎ።

ኦስናት መጣች ስትሮጥ፤ ኮፍያዋን ጣለች፤
ሳትነካቸው፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ ጎንበስ ብላ አየች።
የማን ናቸው? ከስምንቱ? ወይስ ከሐይፋው በር
ጉንጩ ሥር ይዟቸው ሌሊቱን ሲበር?
ቅጹ ይጠይቃል፦ «መጤ ወይስ ተወላጅ?»
እና አባቱ የማይታወቅ፣ እዚሁ የበቀለ ልጅ?

ለአያ ጓንጉል ደወልሁ።
«የሌሊት ወፍ?» አሉ፣ «እሱንስ ቆጥሬ አላውቅ።»
ስልኩ ውስጥ ሳል፣ ከዚያ ሳቅ።

ክፈፉ እስከዚያ አይደርስም፤ ከመስመር ውጭ ነው።
በመዝገቡ ላይ ዛሬም ዜሮ ነው።
ቱቦውን ግን አልጠገንሁትም።